ሠላሳ አንድ ለሠላሳ

እሑድ 4

ተመረጥኩ። ሠላሳ አንድ ለሠላሳ።

ከዛሬ ጀምሮ ለሦስት ዓመት የመንገዳችን ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። ያሸነፍኩት ባለቀለሙን ነው። ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ቀለም፣ እኔ ቧንቧ ስንሸጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነን። ድምፅ የሰጠነውም ከሱ ሱቅ በመጣ ባዶ የቀለም ጣሳ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ጸሐፊያችን ወረቀቶቹን እያወጣ ሲያነብ ስልሳኛዋ ላይ ሠላሳ ለሠላሳ ነበርን። የመጨረሻዋ የኔ ሆነች።

ባለቀለሙ መጥቶ አቀፈኝ። «ወንበሩ ጀርባህን ሲያምህ ጥራኝ፣ ተራ ገብቼ አሳርፍሃለሁ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እጁ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ደክሞኛል። ነገ ዕቃ ይራገፋል።

ማክሰኞ 6

ይህን ደብተር የገዛሁት የማኅበሩን ጉዳይ እንዳልረሳ ልጽፍበት ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው። ጽፌው ልገላገል።

በማኅበራችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሁለት እጩዎች ሲቀርቡ እያንዳንዱ ድምፁን ለተፎካካሪው ይሰጣል። መሥራቾቹ ያመጡት ነው፤ ራሱን የሾመ ሰው አይምራን ብለው። ወረቀቱ የታጠፈ ስለሆነ ማንም አያይም። ቢሆንም ልማዱን ያፈረሰ ሰው እስከ ዛሬ አልተሰማም።

እኔ የራሴን ስም ጻፍኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካገኘሁት ሠላሳ አንድ አንዷ የራሴ ናት። ልማዱን ብጠብቅ ኖሮ ያቺ ድምፅ ወደሱ ሄዳ እኔ ሠላሳ፣ እሱ ሠላሳ አንድ ይሆን ነበር። ወንበሩ የሱ ነው።

ለምን አደረግኩት ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልስ አላጣም። ባለቀለሙ ደግ ነው፣ ግን ልል ነው፤ ለሰው እምቢ ማለት አያውቅም። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ያለብንን ክርክር አይችለውም። እኔ እችለዋለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ወረቀቱን ሳጥፍ ግን ከዚህ አንዱንም አላሰብኩም። ያሰብኩት የቀድሞው ሊቀመንበር ሲገባ ሰው እንዴት ብድግ እንደሚል ነው።

አንድ ወረቀት ነው። የጣት ያህል ወረቀት።

ዓርብ 9

ጊዜ የለም። ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች። ከሰዓት የቆሻሻ ማንሻው ጉዳይ። ሁለት ጭነት ቱቦ ሳልቆጥረው ገባ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከመቀመጫው ተነስቶ በር ድረስ ሸኘኝ፤ በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ባለቀለሙ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከፈተ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚከፍት ሰው ነበር።

ሐሙስ 15

ለደም ግፊቴ ክትትል ክሊኒክ ሄድኩ። በፊት ቁጥር ይዤ ሁለት ሰዓት እቀመጥ ነበር። ዛሬ ነርሷ ገና ስታየኝ «ሊቀመንበር፣ እርስዎማ እዚህ አይቀመጡም» ብላ አስገባችኝ። አግዳሚው ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ።

ግፊቴ ወርዷል። ሐኪሙ አላመነም፤ ደግሞ ለካኝ።

«ምን አደረጉ? ጨው ተዉ?»

«ምንም አላደረግኩም» አልኩት። ይህን ቃል በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለቤቴም «ከተመረጥክ ወዲህ ታንኮራፋለህ፤ ድሮ ስትገላበጥ ነበር የምታድረው» አለችኝ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም።

ባለቀለሙ ከስቷል። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። በርጩማውን በሩ ላይ አውጥቶ ጋዜጣ ይዘረጋል፤ ገጽ ሲገልጥ ግን አላየሁትም። ከኋላዬ ሁለት ተሸካሚዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ባለቀለሙ ከምርጫው ወዲህ ራሱ ቀለም የለውም» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ዞር ስል አንዱ ቆቡን አነሳልኝ።

ቅዳሜ 24

ልጄ እራት ልትበላ መጣች። ስለ ሰው ጤና በሚያጠና መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሁልጊዜ አንድ ወሬ ይዛ ትመጣለች።

«አባዬ፣ የሚገርም ነገር ልንገርህ» አለች። «የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ለብዙ ዓመት ተከታተሏቸው። ሁሉም ደመወዝ አለው፣ ሁሉም ይታከማል፣ የተራበ የለም። ግን አለቃው ከምክትሉ የበለጠ ይኖራል፣ ምክትሉ ከጸሐፊው፣ ጸሐፊው ከተላላኪው። ደረጃ በደረጃ፣ እንደ መሰላል።»

«አለቃ ሥጋውን መርጦ ስለሚበላ ነው» አለች እናቷ።

«እሱንም ቆጥረውታል፣ እማዬ። እሱ ተቀንሶም ልዩነቱ አለ። ሰው ከበላዬ ሰው አለ እያለ ሲውል ልቡ ይደክማል ነው የሚሉት።»

«የተሸነፈስ?» አልኩ። እንዲሁ አፌ ላይ መጣ።

«የቱ የተሸነፈ?»

«ማንም። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ተወዳድሮ አንዱ ቢቀር።»

«እሱን እንኳ አላየሁም። ግን ለምን አይሆንም?» ሳቅ አለች። «አንተማ ከእንግዲህ ሰማንያ ሳትሞላ አትሞትም፣ አባዬ። እኛ ነን የምንቀድምህ።»

እናቷ «ወሬሽን ዋጪው» አለቻት። እኔ ውሃ ጠጣሁ።

ሰኞ 26

በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሰባት የቀድሞ ሊቀመንበሮች ፎቶ ተሰቅሏል። ስድስቱ ሞተዋል። በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ጸሐፊውን ጠየቅኩት። እሱ የማያውቀው የለም፤ ሳያስብ ደረደረልኝ። ሰማንያ አራት። ሰባ ዘጠኝ። ዘጠና አንድ። ሰማንያ ሁለት። ሰባ ሰባት። ሰማንያ ስምንት። ሰባተኛው ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሾፌር ጋር ሲጨቃጨቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

«ያልተመረጡትስ?» አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «የተሸናፊ ፎቶ የት ይሰቀላል፣ ሊቀመንበር?»

የድሮ ቃለ ጉባኤዎቹን ግን አወረደልኝ። ስማቸው እዚያ አለ፤ የሞቱበትን ዕድሜ እሱ ነገረኝ። ስልሳ አንድ። ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ስድስት። ሰባ። ስልሳ ሦስት። አንዱ ሌላ ከተማ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። አንዱ በሕይወት አለ፤ ከአልጋ አይነሳም።

«ቧንቧውን ትተህ ዕድሜ መነገድ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ ጸሐፊው።

ሰባት ዕቃ ታይቶ የገበያ ዋጋ አይተመንም። ይህን አላጣሁትም። ምናልባት ድሮም የሚመረጠው ጤነኛው ነው። ምናልባት ሀብታሙ ነው። ምናልባትም የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ብቻ ባለቀለሙ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ልወጣ ስል ጸሐፊው የምርጫውን ወረቀቶች በትልቅ ፖስታ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ አየሁ።

«አይጣሉም?»

«ሦስት ዓመት ይቀመጣሉ፣ ደንብ ነው። ደግሞ የናንተን የእጅ ጽሑፍ ማየት ደስ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ለምዶታል።»

ፊቱን አየሁት። ምንም አይነበብበትም። የዚህ ሰውዬ ፊት ደግሞ ድሮም ምንም አይነበብበትም።

አዲስ ወር፣ ረቡዕ 5

ባለቀለሙ መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ መጣ። ከምርጫው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እቃ እንደሚመርጥ ሰው ቧንቧዎቹን እየነካካ ቆየ።

«ተመርምሬ ነበር» አለ። «የልብህ ቧንቧ ጠቧል አለኝ ሐኪሙ። ለዚህማ ፊት ለፊቴ ባለሙያ አለ አልኩት።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልከውታል። ወረፋው አራት ወር ነው። ሐኪሙ ደግሞ አራት ወር እንዳትቆይ ብሎታል።

«ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ማኅበራችን ከሆስፒታሉ ጋር ስምምነት አለው፤ ሊቀመንበሩ የፈረመለት አባል በሳምንት ውስጥ አልጋ ያገኛል።

«አይ።»

«ምን አይ?»

«ወረፋዬን እጠብቃለሁ።»

«ወረፋህ አራት ወር ነው እኮ፣ ሰውዬ። በአራት ወር ውስጥ ምን እንደሚመጣ አታውቅም።»

«አንተስ ታውቃለህ?» አለና ወጣ። መንገዱ መሀል ላይ ቆሞ ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ለምን እምቢ አለ? አውቆ ይሆን? ማን ነገረው? ቢያውቅ ኖሮ ዝም ይል ነበር? እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ እስኪጠቅመኝ ድረስ። እሱ ግን እንደኔ አይደለም።

ሰኞ 10

የባለቀለሙ ባለቤት መጣች። እሱ እንዳያያት በጓሮ በር ነው የገባችው። ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆምና ቁልፍ የጠፋው ያስመስላል» አለች። «ኪሱን ይዳብሳል፣ ይዳብሳል። ትንፋሹ እስኪመለስለት ነው። እኔም ቁልፉን እንደማፈላልግ እሆናለሁ።»

«ደብዳቤውን ልጻፍ ብዬው እምቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ። ሊቀመንበሩ የፈረመበትን ወረቀት እጄ አይነካውም ይላል። ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ምን አደረግከው?»

ስትለምን ያመለጣት ቃል ነው፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን መልሱን ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግኩበት። እንዳትነግሪው፣ ከሆስፒታሉ መጣ በይው አልኳት። ማታለልን አስተማርኳት። ማኅተሙም ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው።

ዓርብ 14

ደብዳቤው ተመለሰ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት። አልቀደደውም። በአራት አጥፎታል።

ማክሰኞ 18

ለማኅበሩ የአማካሪነት ቦታ እንዲከፈት አደረግኩ። ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ የሚቀመጥ፣ በስብሰባ ከፊት የሚታይ፣ የራሱ ጠረጴዛ ያለው። ኮሚቴው አንድ ቃል ሳይናገር አጸደቀልኝ። ሹመት ያለው ሰው ትእዛዝ እንዲህ ነው የሚፈጸመው።

ሹመቱን ለባለቀለሙ ይዤለት ሄድኩ። በርጩማው ላይ ነበር።

«ምክር ከፈለግክ ሌላ በርጩማ አለኝ፣ ና ተቀመጥ» አለ። «ጠረጴዛ ምን ያደርግልኛል?»

«ክብር ነው እኮ።»

«አዎ» አለ። «ነው።» ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ልቡን ሊያሳርፍለት ይችላል ብዬ ነው። ከላይኛው ደረጃ ላይ ባይሆን ከሁለተኛው። ልጄ ያለችውን እያሰብኩ ነው ያደረግኩት። ይኸው ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም ማለት እፈልጋለሁ።

ሐሙስ 20

ወደቀ። ከሱቁ ውስጥ ጣሳዎች ሲንኳኩ ሰማሁና ተሻግሬ ሮጥኩ። መሬት ላይ ነበር፤ አንድ ነጭ ቀለም ተከፍቶ እጅጌውን ነክሮታል። መኪናዬ ውስጥ አስገባነው። የክሊኒኩ ኮሪደር በሰው ተሞልቶ ነበር። ነርሷ እኔን አየችና አልጋውን አመጣች። የቀሩት ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ።

ሐኪሙ ለአሁኑ ተርፏል፣ ዳግመኛ ከመጣበት ግን እንጃ አለ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ደብዳቤ።

ጫማዬ ላይ ነጭ ቀለም አለ።

ዓርብ 21

ዛሬ አስጠራኝ። ባለቤቱን ውጪ እንድትጠብቅ ጠየቃትና «በሩን ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት።

«ደብዳቤህን ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገርህ። ሳልነግርህ ብሞት ደስ አይለኝም።»

አወቀ አልኩ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ነው ያዘጋጀሁት። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስለ ማኅበሩ ጥቅም። በደንብ የተደረደረ መልስ ነበር።

«በምርጫው ቀን የራሴን ስም ነው የጻፍኩት» አለ።

የዘጋሁትን በር ዞሬ አየሁት።

«ሰማኸኝ? ልማዱን አፈረስኩ። አንተ የኔን ስም ጽፈህ ጣሳው ውስጥ ስትጨምር እኔ አጠገብህ ቆሜ የራሴን ጨመርኩ። ከዚያ ደግሞ ተሸነፍኩ። ሰርቄም ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። ያንተን ድምፅና የራሴን ቀንሰህ ቁጠረው፤ ሃያ ስምንት ሰው ነው የፈለገኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በደጄ የማያልፍ የለም፣ ሃያ ስምንት ሰው። እንግዲህ በምን ፊቴ ነው ያንተን ደብዳቤ ይዤ የምሄደው?»

እኔ ነጋዴ ነኝ። ቁጥር ከሰማሁ ጭንቅላቴ ሳላዘው ይሠራል። ሁለታችንም የየራሳችንን ስም ከጻፍን፣ ከቀሩት ሃምሳ ዘጠኝ ሰዎች ሠላሳው የኔ፣ ሃያ ዘጠኙ የሱ ናቸው። ሁለታችንም ልማዱን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ያው ሠላሳ አንድ ለሠላሳ ነበር። በንጹሕ እጅ አሸንፌ ነበር። የሰረቅኩት የራሴን ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላሁት እሱ እያለቀሰ ነው።

«ይቅር በለኝ» አለ። እጄን ያዘና ሳመው። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። እጄን አልነጠቅኩትም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ ብሏል። ይህ እውነት ነው፤ ብሏል። ባለቀለሙ ዓይኑን ጨፍኖ «ቀለለኝ» አለ። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ «ስድን ለአባላቱም ቆሜ እነግራለሁ፣ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤ ይጻፈው» አለ።

«አያስፈልግም» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ነህ» አለኝ።

ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ። ነገ እነግረዋለሁ። አሁን እንቅልፌ መጥቷል።

ቅዳሜ 22

ነገርኩት። እንደተባባልነው እጽፈዋለሁ፤ ሳላሳምር።

ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ባለቤቱ ልብስ ልታመጣ ሄዳለች። ደህና አድሯል፣ ሾርባም ጠጥቷል። በሩን ሳይለኝ ዘጋሁና «እኔም የራሴን ስም ነው የጻፍኩት» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳቀ። ደረቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። «ሁለት ሌባ ለአንድ ጣሳ» አለ። «እዚያ ቆመን እንዴት እንደተያየን ታስታውሳለህ? አንተ በትሕትና ራስህን ዝቅ አድርገህልኝ ነበር።»

«አንተም።»

«እኔም።» ዓይኑን ጠረገ። «ቆይ፣ እንግዲያ ሃያ ስምንት አይደሉማ።»

«ሃያ ዘጠኝ ናቸው።»

«አንድ ሰው ተገኘልኝ» አለና እንደገና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ለአፍታ ያህል ሁሉም ነገር አለቀ፣ ተገላገልን ብዬ ነበር።

ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ትናንት ስነግርህ ይህን ታውቅ ነበር» አለ።

«የኔን አውቅ ነበር። ያንተን የሰማሁት ትናንት ነው።»

«ሰማኸኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሐኪሙ እንዳትደነግጥ...»

«ሐኪሙን ተወው። ዛሬስ ምን አመጣህ? ለአባላቱ እነግራለሁ ስላልኩ ነው? ጸሐፊው ጽሕፈትህን ያውቀዋል ብለህ?»

አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊትህ ለተቀመጠ ሰው ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ ደህና ነው ብለህ አትሸጥለትም።

«እሱም አለበት» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ።

«ድምፁን እተወዋለሁ» አለ። «እኔም አድርጌዋለሁ፣ ምን እላለሁ? ትናንት ግን እጅህን ሳምኩ። አንተም ሰጠኸኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አልከኝ። እሱን ምን ላድርገው?»

የሳመውን እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ደብዳቤውን ጻፍ» አለ።

«እሺ።»

«ወድጄህ እንዳይመስልህ። ብሞት ትልቅ ቀብር ታደርግልኛለህ። ከፊት ቆመህ ስለኔ ትናገራለህ፣ ሰውም ያለቅሳል፣ ለወዳጁ እንዴት አዘነ ይሉሃል። ያንን አልሰጥህም። እድናለሁ።»

«ለአባላቱ እኔ ልንገራቸው? ወንበሩንም ልልቀቅ?»

«የራስህን ስትነግር የኔንም ትነግራለህ፤ አንዱ ያለ ሌላው ስሌቱ አይገባም። ትናንት ልናገር ያልኩት ይቅር ያለኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። አሁን ምን ሊጠቅመኝ ገበያ እወጣለሁ? ዝም በል። ሦስት ዓመትህን ተቀመጥበት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለቤቱ እስክትመጣ ቆሜ ቆየሁ፤ አልዞረም።

ረቡዕ 26

ደብዳቤው ተቀባይነት አገኘ። አልጋ ተሰጠው። አራት ወር የነበረው አራት ቀን ሆነ። አንድ ፊርማ።

በሦስተኛው ወር፣ ሐሙስ 4

ዛሬ የልቡን ደም ሥር ከፈቱለት። ከባለቤቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ዋልን። እሷ ምንም አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «ሊቀመንበር ባትሆን ኖሮ ይኼኔ ሞቶ ነበር» አለች። ምስጋናዋ ነው። መሬት መሬቱን አየሁ።

ሊቀመንበር ባልሆን ኖሮ ሊቀመንበሩ እሱ ነበር የሚሆነው፤ ለራሱ ደብዳቤም አያስፈልገውም ነበር። ምናልባትም አይታመምም ነበር። ልጄ ያንን ካወራችበት ማታ ጀምሮ ለሃያ ስምንት ቀን ያህል እንዲህ አምኜ ነበር። አሁን ደግሞ ያ እንኳ እውነት አይደለም፤ ለማንኛውም ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ጥፋቴን ስፈልገው ከነበረበት ቦታ የለም። ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ባለችው አንዲት ሌሊት ውስጥ ነው ያለው። ያቺን ሌሊት ደግሞ እንቅልፌን ጠግቤ ነው ያደርኩት።

ሐኪሙ ወጥቶ ሁሉም ደህና ሄዷል አለ። ራሱን ከጠበቀ ሃያ ዓመት ይኖራል አለ። ባለቤቱ ገብታ አይታው ስትመለስ ዓይኗን ከኔ አሸሸች።

«አትቀየመው፣ ወንድሜ። አይግባ ብሏል። የበሽታ ጠባይ ነው።»

«ገብቶኛል» አልኳት።

ሰኞ 15

የአባላት ስብሰባ። ከአጀንዳው በፊት አንዱ ተነስቶ «ተፎካካሪውን ከሞት ያዳነ መሪ ነው ያለን» ብሎ ተናገረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዳንዱ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ተናገር አሉኝ። ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ ያን ሁሉ ፊት ሳይ የወረቀቱን ነገር ልናገር ቃጣኝ፤ እሱ እንዳልናገር የጠየቀኝን አሰብኩ፣ ደግሞ ይህ ለኔ እንዴት እንደሚመቸኝ አሰብኩ። ከሁለቱ የቱ አፌን እንደዘጋው አላውቅም። ስለ ቆሻሻ ማንሻው ተናገርኩ።

ሰው ሲወጣ ጸሐፊው ጠረጴዛውን እያስተካከለ «ያ የምርጫው ፖስታ ቦታ ይዞብኛል፣ ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው ይቀመጥ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ጊዜ ወስዶ ጠረገው።

በአራተኛው ወር፣ ሰኞ 6

ባለቀለሙ ዛሬ ሱቁን ከፈተ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻውን መጣ። ፊቱ ሞልቷል፣ አረማመዱም እንደ ድሮው ነው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ቁልፉን ከፈተ፤ የብረት በሩን ግን ወደ ላይ ሊገፋ ጎንበስ ብሎ እጁን መለሰ። ከባድ ነገር እንዳያነሳ ተከልክሏል። ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ከኔ በቀር።

አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። አየኝ። እጁን አላወዛወዘም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ወደ መንገዱ ጫፍ ማየት ጀመረ፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ባለሁበት ቆምኩ። ከኔ እስከሱ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። በኋላ አንድ ተሸካሚ ጋሪውን እየገፋ ብቅ አለ። ባለቀለሙ ብድግ ብሎ «የኔ ወንድም፣ እባክህ አንድ ጊዜ እጅህን» አለው። ተሸካሚው እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ በሩን ወደ ላይ አነሳለት። ገባ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር፤ እንኳን እግዜር ማረህ ለማለት የመጣ ነው። ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አንድ ደንበኛ የቧንቧ መታጠፊያ ጠይቆት «ፊት ለፊት አለ፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ብሎ ላከልኝ። ዋጋዬን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በዋጋ እንደማልዋሽም ለደንበኛው ነግሮታል። ደንበኛውን አስተናገድኩት።

ሐኪሙ ለሱ ሃያ ዓመት ሰጥቶታል። የኔንም ግፊት ባለፈው ሳምንት ለክተው እንደ ወጣት ነው ብለውኛል። በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምንከፍተው።

ነገ ዘግይቼ እከፍታለሁ። እዚያ ቆሜ ካላየኝ፣ በሩን የሚያነሳለት ሰው ሲጠብቅ ፊቱን ከኔ ማዞር አይኖርበትም።